ከሩቅ ሆኖ ስለ ጦርነት መናገር፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች አደራ



ዛሬ የምናገረው በእያንዳንዳችን እጅ ስላለው ስልክና በየቀያችን ስለገባው ጦርነት ነው። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ እናት፣ አጎት ወይም አብሮ አደግ የሌለው ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ስለ ጦርነቱ ስናወራ ስለ ሥጋችን ነው የምናወራው።

መነሻዬ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ጦርነት ሲመጣ በስማዳ ወገዳ ያለው ገበሬ መስመር ይቋረጥበታል፤ አዲስ አበባ፣ ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያለው ልጁ ግን ሌሊቱን ከስልኩ ጋር ያነጋል። እንግዲህ ስለ ወገዳ ለዓለም የሚናገረው ወገዳን ካየ ዓመታት ያለፉት ልጅ ይሆናል። ተኩሱን የሰማው ዝም ብሎ ያልሰማው ይናገራል። ይህ ማንም ሳይሾመን እጃችን የገባ ሥልጣን ነው። ላሳያችሁ የምፈልገው ሥልጣኑ የአደራ መሆኑን ነው። አደራውም ሁለት ወገን አለው፦ ምስክር የሌለውን ነገር አለማሰራጨት፣ ምስክር ያለውም ነገር እንዳይጠፋና እንዳይበላሽ መጠበቅ።

ወሬና ምስክር በአገራችን

አገራችን ወሬ ቸግሯት አያውቅም። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችበት የአርብ ገበያ እህልና ከብት ብቻ አይሸጥበትም፤ የሩቅ ዘመድ ደኅንነት፣ የዝናቡ ነገር፣ የሹም ሽሩ፣ የሞተውና የተወለደው ሁሉ ይሰማበታል። ከወልድያ ተነሥቶ በጨጨሆ በኩል ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ የሚወርደው መንገድም ነጋዴ፣ ሾፌርና የቆሎ ተማሪ ይዞ ሲያልፍ ወሬ ይዞ ያልፋል። ያ ወሬ ግን የሚመጣው ከሰው ጋር ነበር። «ማን ነገረህ?» ሲባል ስም ይጠራል፤ «እሱስ የት አየው?» ተብሎ ይጠየቃል። ቀጣፊ ከሆነ በሚቀጥለው አርብ ገበያተኛው ያውቀዋል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ልማድ ነው።

ጋይንት ከዚህም የጠበቀ ሥርዓት አላት። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንደሚያውቁት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። አንድ የድጓ ሊቅ በሌላ አገር ብዙ ዓመት ቢማር፣ ድምፁም ቢያምር፣ ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር ነኝ ብሎ ወንበር አይዘረጋም። ዜማው ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ አንዲት ምልክት እንዳትወድቅ የሚጠብቅ አለ። የሰማውን እንዳገኘ የሚያሰማ ሰው በዚያ ሥርዓት ቦታ የለውም። የዜማን ምልክት እንዲህ የሚጠነቀቅለት ምድር ልጆች የሰውን ሞት ዜና ሳንመረምር ስናስተላልፍ ያሳዝነኛል።

ወንጀል ሲፈጸምም አባቶች አፈርሳታ ይቀመጡ ነበር። ሰው ሲገደል ወይም ቤት ሲቃጠል የአካባቢው ሕዝብ ተጠርቶ፣ ተማምሎ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ትቶ ይውላል። አድካሚ ነበር፤ ጉድለትም ነበረበት። ቢሆንም ነገሩን የሚያወጣው በቦታው የነበረው ሰው እንደሆነ ያምን ነበር። ከዚሁ ጎን ሌላ ልማድም ነበር፤ ሌባሻይ። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠውና ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ምስክር የለም፤ ጥያቄም የለም። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው እንደተበደለ አስቡት። መንግሥት በኋላ ከለከለው። እነዚህን ሁለቱን ልማዶች ልብ በሉልኝ፤ በስልካችን ላይ የምናደርገው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል በየደረጃው እንጠይቃለን።

ነፋስ መውጫ፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም.

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ እኛ መጣ። የትግራይ ኃይሎች ነሐሴ 6 ቀን የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ገቡ፤ እስከ ነሐሴ 15 ቆዩ። ውጊያው እስከ ጉና ደርሶ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። በእነዚያ ቀናት ውጭ ያለነው የምናደርገውን ታስታውሳላችሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተማዋ ተይዛለች፣ ተለቃለች፣ አልተያዘችም የሚል ሦስት ሰበር ዜና እናነብ ነበር። ከሌላ አገር ጦርነት የተወሰደ ፎቶ የእኛ ነው ተብሎ ይዞር ነበር። ስልክ የማያነሳ ዘመድ እንደ ሞተ ተቆጥሮ የተለቀሰበት ቤትም አለ።

እውነተኛው ነገር የወጣው በሌላ መንገድ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. አካባቢ ባወጣው ሪፖርት በነፋስ መውጫ የተደፈሩ 16 ሴቶችን ቃል አቀረበ። ከእነዚህ 14ቱ በቡድን እንደተደፈሩ ተናግረዋል። እነዚህ እኅቶቻችን ቃላቸውን የሰጡት ስማቸው ተጠብቆ፣ ለብቻቸው፣ ጥንቃቄ በተሞላበት የቪዲዮ ጥሪ ነው። የደረሰባቸውን፣ ቀኑን፣ አድራጊዎቹን እንዴት እንዳወቁ አንድ በአንድ ተጠይቀዋል። ከጥቃቱ እስከ ሪፖርቱ ሦስት ወር ያህል ፈጀ። ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ማንም «ፈጠራ ነው» ብሎ በቀላሉ ሊጥለው አይችልም።

ስልክ ይህን ምስክርነት ለመስጠት አገለገለ። ያው ስልክ በውጊያው ሳምንት የሐሰት ፎቶ አዞረ። ልዩነቱን ያመጣው የሰዎቹ ትዕግሥትና ጥያቄ ነው። ሐሰተኛው ፎቶ ደግሞ ተራ ስሕተት ሆኖ አይቀርም። አንድ ፎቶ የሌላ አገር መሆኑ በተጋለጠ ቁጥር በዳዩ እውነተኛውንም አብሮ ለመካድ በር ያገኛል። የቸኮለ ወሬ የተበዳይን እውነት ያራክሳል። ስለዚህ ጥንቃቄን የምጠይቀው ስለ ተበዳዮቹ ብዬ ነው።

ያልተመሰከረ ክስ ሲገድል

ሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አንድ ሰው በፌስቡክ በአማርኛ ጻፈ። በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ከተሞች የትግራይ ተዋጊዎች ሴቶችንና ሕፃናትን እንደገደሉና እንደደፈሩ፣ የትግራይ ተወላጅ ሲቪሎችም እንደረዷቸው ከነዋሪዎች ሰማሁ አለ። ጉዳዩ የፌስቡክን ውሳኔዎች ወደሚመረምረው ገለልተኛ ቦርድ ደርሶ፣ ቦርዱ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጽሑፉ መነሣቱ ልክ ነው ብሎ ወሰነ። ያልተረጋገጠ ወሬ ነው፤ በጦርነት መካከል አንድን ሕዝብ በጅምላ ተባባሪ አድርጎ ሲከስስ በአቅራቢያው የሚኖሩ ሰዎችን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል አለ።

ራያ ቆቦ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ በዚያም ሕዝባችን በእውነት ተሠቃይቷል። አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ መከራውን የተናገረ ሰው ለምን ይከለከላል?» ትሉ ይሆናል። መልሴ ይህ ነው፦ ተዋጊን በሠራው ወንጀል መክሰስ አንድ ነገር ነው፤ ጎረቤትን በዘሩ መክሰስ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ምስክር ይፈልጋል። ሁለተኛውን ምንም ምስክር ሊያጸድቀው አይችልም።

በዚያው ሰሞን በባሕር ዳር የሆነውን እንመልከት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ፣ የትግራይ ተወላጅ፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ፎቷቸው በፌስቡክ ተለጠፈ። የጠላት ደጋፊ ናቸው ተባለ፤ ቤታቸው ያለበት ሰፈርም ተጠቆመ። ቤተሰባቸው ለፌስቡክ ኩባንያ አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ከቤታቸው ደጅ በጥይት ተገደሉ። ኩባንያው ለአቤቱታው መልስ የሰጠው ከሞቱ ከስምንት ቀን በኋላ እንደሆነ ልጃቸው ይናገራል። ሌባሻይ ያልኋችሁ ይህ ነው። ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ተያዘ፤ በዚህኛው ግን መያዝ ብቻ አልሆነም።

ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ፍርዱ የኩባንያውን ድርሻ ይመረምር ይሆናል። ያንን ጽሑፍ ሼር ያደረገው፣ «ትክክል!» ብሎ ኮሜንት የጻፈው ሰው ድርሻ ግን ለኅሊናው የቀረ ነው።

ቁጣ ለምን ይፈጥናል?

ይህ ሁሉ የሰዎች ክፋት ብቻ እንዳይመስለን የመሣሪያውን አሠራር እንይ። ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ የሚኖሩት በማስታወቂያ ገቢ ነው። ማስታወቂያ እንዲታይ ሰው ብዙ መቆየት አለበት። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ብዙ ኮሜንት፣ ብዙ ሼር ያገኘውን ጽሑፍ ለብዙ ሰው ያሳያል። ሰውን ደግሞ እንደ ቁጣና እንደ ፍርሃት ቶሎ የሚያናግረው ነገር የለም። «መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው» የሚለው ጽሑፍ ሁለት ላይክ አግኝቶ ይቀራል፤ «ሰበር! ተደመሰሱ!» የሚለው አገር ያዳርሳል። ስድብ ለመጻፍ የገባው ተቃዋሚም ሳያውቀው ጽሑፉን ያሳድገዋል። የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ ይህ አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እንደሚያራግብ መስክራለች። ስለ እኛ የተሰጠ ምስክርነት ነው።

ገንዘብም አለበት። በቲክቶክ ላይቭ የሚገባ ሰው ከተመልካች ጊፍት ይቀበላል፤ በዩቲዩብ የሚናገረው ከማስታወቂያው ይካፈላል። ጦርነቱ ጋብ ሲል ተመልካቹ ይቀንሳል። ሁሉም ለገንዘብ ይናገራል አልልም፤ ከልብ የሚቆረቆሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ደመወዙ ከሰበር ዜና የሚመጣ ሰው የሚሰብረውን ቢያጣ ምን እንደሚያደርግ አድማጩ መጠየቅ አለበት።

ዘመቻዎቹንም እናስታውስ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በትዊተር የትግራይ ልጆችም፣ የመንግሥት ደጋፊዎችም አስቀድሞ የተዘጋጀ ጽሑፍ በአንድ ጠቅታ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲለቁት ያደርጉ ነበር። ትግራይ ሁለት ዓመት ያህል ከስልክና ከኢንተርኔት ተቆርጣ ስትኖር በውጭ ያለው ልጇ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ስለ እናቱ ይጮህ ነበር። ያን ጊዜ የነሱን ጩኸት «ውሸት ነው» ብለን ያለፍን ሁሉ፣ በኋላ መስመሩ በእኛ ላይ ሲዘጋ ምን ዓይነት ጭንቀት እንደሆነ አይተነዋል።

ጦርነቱ በቤተሰብ መካከል ሲሆን

የትግራዩን ጦርነት ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን፣ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ከተወሰነ በኋላ፣ በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለበርካታ ወራት ተዘጋ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴም ከዚህ ጦርነት ውጭ አልሆኑም።

መስመር የዘጉት ሰዎች ወሬን ለማስቆም ነው ይላሉ። ወሬ ግን አልቆመም፤ የቆመው ምስክር ነው። በቦታው ያለው ሰው ዝም ሲል ሜዳው በሙሉ ለሩቅ ተናጋሪ ይለቀቃል። ማጣራት የሚችለው ሰው ድምፁን ሲያጣ ሐሰተኛውን የሚያርም አይኖርም። ይህን በግልጽ መናገር ይገባል፤ ሕዝብን ከመስመር ማቋረጥ ሰላምን አያመጣም።

ይህ ጦርነት ከቀደመው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ገዳይም ሟችም የአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም የአንድ አጥቢያ ልጆች ናቸው። አንዱ ልጅ ሚሊሺያ፣ ወንድሙ ፋኖ፣ ሦስተኛው የመንግሥት ሠራተኛ የሆነበት ቤት አለ። እናታቸው የሁሉም ናት። እኛ በሩቅ ሆነን አንዱን «ጽንፈኛ»፣ ሌላውን «ባንዳ» ስንል የምንሳደበው የዚያችን እናት ልጆች ነው። በዚህ ስም የተጠራ ሰው በቀበሌው ሲገደል «ይገባዋል» የሚል አያጣም። ጦርነቱ ሲያበቃ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ፣ በአንድ ገበያ የሚገናኙ እነሱ ናቸው።

ከሁሉ የሚያመኝ የመርዶ ነገር ነው። በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ የልብ ድካም ያለበትን ለይተው፣ ማለዳ ተሰብስበው ሄደው ቀስ ብለው ይነግራሉ። ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ። አሁን ግን እናት ልጇን በቴሌግራም ላይ ወድቆ አየችው። ፎቶውን የለጠፈው ሰው የድል ዜና መስሎት ነው። ከሥሩ የሳቅ ምልክት የተደረደረበት አስከሬን የማንም ወገን ቢሆን ሰው ነው፤ መርዶ የሚጠብቅ ቤት አለው። ማንኛችንም እንዲህ ያለ ፎቶ እንዳናስተላልፍ እለምናችኋለሁ።

ማጣራት ይቻላል

«ታዲያ ምን እናድርግ፤ መርማሪ አይደለንም» ለሚል ሰው ሁለት ምሳሌ ልስጥ። በ2013 ዓ.ም. ወታደሮች ያልታጠቁ ሰዎችን በገደል አፋፍ ላይ ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ጋዜጠኞች በቪዲዮው ዳራ ያለውን የተራራ ቅርጽ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ቦታው ትግራይ ውስጥ ማኅበረ ዴጎ አጠገብ መሆኑን አረጋገጡ። ተራራ ምስክር ሆነ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል በመራዊ ከተማ ሲቪሎች ሲገደሉም ቪዲዮዎች ወጥተው ነበር። በኋላ ሂዩማን ራይትስ ዎች ቪዲዮዎቹን መረመረ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ቢያንስ 45 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ቀራጩ ቪዲዮውን ዘፈን ቢጨምርበት፣ ቢቆራርጠው፣ የሌላ ቀን ቢያስመስለው ኖሮ መመርመሩ ባልተቻለ ነበር።

ስለዚህ ዜና ሲደርሳችሁ አራት ነገር ጠይቁ። ማን አየው? በየትኛው ቀበሌ? መቼ? ይህ ቢወጣ ማን ይጎዳል? ለመጀመሪያዎቹ ሦስት መልስ ከሌለ አታስተላልፉ። ለአራተኛው መልሱ «ዘመዴ» ወይም «አንድ ንጹሕ ሰው» ከሆነ፣ ዜናው እውነት ቢሆንም በአደባባይ አታውጡት።

ከአገር ቤት የድምፅ መልእክት ቢመጣላችሁ ወደ ግሩፕ አትላኩት። ድምፅ እንደ ፊት ይታወቃል፤ አክስታችሁ ነገ ጎረቤቷ ፊት ትቆማለች። በስልክም «ማን አለ፣ ወዴት ሄዱ» ብላችሁ አታስጨንቋት። የተደፈረች ሴትን ስም፣ የተፈናቃይን መጠለያ፣ የሕፃንን ፊት አታውጡ።

ቪዲዮ ወይም ፎቶ ካገኛችሁ የመጀመሪያውን ቅጂ እንዳለ አስቀምጡ። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ በውስጡ ያለው የቀንና የሰዓት መረጃ እንዳይጠፋ። ማን እንደላከው፣ ቦታውንና ቀኑን በሌላ ወረቀት ጻፉ። ለሰብአዊ መብት ተቋማት ስጡት። ይህ ከአንድ ሺህ ላይክ ይልቅ ተበዳዩን ይጠቅመዋል።

ሕጉንም እወቁ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተፈጸመን ጥፋት እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ይህ ሕግ እውነት የተናገረን ለማስፈራራት ሊውል ይችላል የሚለው ስጋት መሠረት አለው፤ ስለዚህም ነው በምስክር መናገር ለተናጋሪውም ጋሻ የሚሆነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ሕዝብ እያለቀ ማጣራት የምቾት ነገር ነው፤ ዝም ያለ ተባባሪ ነው» የሚል። ዝም በሉ አላልኩም። ያየ ሰው ቃል ካላችሁ፣ ስሙን ጠብቃችሁ ጩኹ፤ አትድከሙ። በሽታ፣ ረሃብ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት ያጣ ጤና ጣቢያ አለ። ስማዳና ታች ጋይንት ከጦርነቱ በፊትም በሴፍቲኔት እህል ይረዱ የነበሩ ወረዳዎች ናቸው፤ የሚበላ ያጣው ገበሬያቸው ግን «ሰበር ዜና» ስለማይሆን ማንም አያወራለትም። ስለ እሱ መናገር ማንንም አይገድልም፤ እሱን ግን ሊያድነው ይችላል።

አንድ ሐሳብ

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየከተማው ያሉ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች የቴሌግራም ግሩፖች ከየወገኑ የተውጣጡ፣ ሰው የሚያምናቸው ጥቂት ሰዎች ይምረጡ። ስለ አገር ቤት ጥቃት የሚናገር ማንኛውም ዜና እነሱ ቢያንስ ከሁለት የማይተዋወቁ ምንጮች ሳያጣሩ ግሩፑ ላይ አይለቀቅ። ሁለተኛ ሥራቸው መዝገብ ይሁን። በእነዚህ ዓመታት በወረዳዎቻችን የሞተውን ሲቪል ሁሉ፣ በየትኛው እጅ እንደሞተ ሳንለይ፣ ከነስሙ፣ ከነቀበሌው፣ ከነቀኑ፣ ቤተሰቡ ሲፈቅድ ይጻፉ። ለሕዝብ ይፋ የሚሆንበት ጊዜ በቤተሰቦቹ ይወሰን፤ እስከዚያ በአስተማማኝ ቦታ ይቀመጥ።

ጦርነት ሁሉ አንድ ቀን ወደ ድርድር ወይም ወደ ፍርድ ይደርሳል። ያን ቀን «ስንት ሰው ሞተ? ማን ገደለ? ማን ካሳ ይገባዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ በፌስቡክ ከተሰዳደብነው አንድ ቃል እንኳ አይጠቅመንም። የሚጠቅመው የተጠበቀ ምስክርነት ነው። የታች ጋይንቷ ባልቴት ለልጇ ደም ፍርድ ስትጠይቅ ማስረጃዋን የሚያቀርብላት ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው እኛ መሆን እንችላለን፤ መዝገቡን ዛሬ ከጀመርን።